የቦራ ቀንድና የእኔ ስልክ

ይህ የሆነው ዓምና ጥቅምት ውስጥ ነው። አሁንም ካሜራ በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰው ይታዘበኛል።

አጎቴ ይመር ቆቦ ውስጥ በሬ ሲገዛና ሲሸጥ ነው ያረጀው። አንድም ቀን አታለለ ተብሎ አያውቅም፤ በዚህም ኩራቱ ለጉድ ነው። ያን ሰሞን ቦራ የሚባለውን በሬውን ሊሸጥ ፈለገና ሐጂ እንድሪስ ለሚባሉ የጎብዬ ሽማግሌ አስነገረ። እሳቸውም «ከመምጣቴ በፊት በቪዲዮ ልየው» አሉ። የቤተሰቡ ስልክ አዋቂ እኔ ነኝ ስለምባል ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ስልኬ ደግሞ በዚያው ሳምንት ራሱን አፕዴት አድርጎ የኋላ ካሜራው ጨለማ ብቻ ያሳይ ጀመር። አጥፍቼ አበራሁት። በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩት። ስልክ ጠጋኙ ጋ ብወስደው «ሌላ አፕዴት እስኪመጣ ታገሽ» ብሎ ሸኘኝ። አጎቴ ግን ትዕግሥት አልፈጠረበትም። ስለዚህ ራሳችንን በምናነሳበት በፊተኛው ካሜራ ልቀርፀው ወሰንኩ። ጀርባዬን ለበሬው ሰጥቼ፣ ስልኩን ከትከሻዬ በላይ ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ስራመድ ያየኝ ጎረቤት ሁሉ ጤንነቴን ተጠራጠረ። ቦራም አንዴ በአፍንጫው ገፋ አደረገኝ። ቪዲዮው ግን ጥሩ ወጣ፤ ላክሁላቸው፣ ወደዱት።

በማግስቱ ሐጂ መጡ። ቦራን ዞረው አዩትና ስልካቸውን አወጡ። ፊታቸው ተቀየረ።

«ይኸ አይደለም» አሉ። «እኔ ያየሁት ቀኝ ቀንዱ የተሰበረ ነው። የዚህ ግራው ነው።»

እውነትም በቪዲዮው የተሰበረው ቀኙ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ከፊትና ከኋላ ሲታይ ይለያያል» አለና ቦራን አዞሩት። የተሰበረው ግራው ነው። ደግመው አዞሩት፤ አሁንም ግራው ነው። በመጨረሻ ቦራ መዞሩ ሰለቸውና ተኛ።

«ይመር፣ አንድ አሳይቶ ሌላ መሸጥ ካንተ ይጠበቃል?» አሉ ሐጂ በቀስታ። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «አንች ልጅ፣ በሬዬን ምን አድርገሽው ነው?» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ከቦራ ኋላ የተሰቀለው የማዳበሪያ ከረጢት ጽሑፍ ተገልብጧል። ለካስ ያ ካሜራ እንደ መስተዋት ግራና ቀኙን አለዋውጦ ነው የሚያስቀምጠው። ለሐጂ ነገርኳቸው።

«መስተዋት ቀንድ ሲያዛውር አላየሁም» አሉና የቀረበላቸውን ሻይ አነሱ።

ያኔ ያንኑ ፊተኛ ካሜራ ወደ እሳቸው ደቅኜ ሻይ ሲጠጡ ቀረፅኳቸውና አሳየኋቸው። አይተው ብርጭቆውን ቶሎ አስቀመጡ።

«አስተግፊሩላህ። በግራ እጄ ነው እንዴ የጠጣሁት?» አሉ፤ በግራ እጅ መጠጣት በእምነታቸው የተከለከለ ነው።

«ኧረ በቀኝዎ ነው፣ ሁላችንም አይተናል» አለ ጎረቤት በአንድ ድምፅ።

ሐጂ ቀኝ እጃቸውን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ የተኛውን ቦራን አዩ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔን በግራዬ ካጠጣ የበሬ ቀንድ ማዛወር ምን ያቅተዋል» አሉና የአጎቴን ትከሻ ያዙ። «አፉ በለኝ ይመር።»

አጎቴም «አፉ ብያለሁ» ብሎ እጃቸውን ጨበጠ። እኔም እፎይ ብዬ ከቦራ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን መገልበጥ የሚያጠፋ ቦታ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ያገኘሁት ሐጂ በሬውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ነው።

እስከ ዛሬ ይደውሉልኛል። ስለ ቦራ ደህንነት ከነገሩኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያችን ቪዲዮ አጥፍተሻታል አይደል ልጄ?» ይሉኛል። አጥፍቻታለሁ። አጎቴ ግን ከመጥፋቷ በፊት ወደ ወንድ ልጁ ስልክ አስልኳት ነበርና፣ በሬ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ሐጂ በግራቸው ሲጠጡ ያሳያል። ይህን ለሳቸው የምነግርበት ድፍረት የለኝም።