ኩኪን ለመደበቅ ወንዝ ማዶ

ያን እሑድ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። የማኅበሩ አንጋፋ እትዬ የሺ "ውሻ ያለበት ቤት ጠበል ጸዲቅ አልቀምስም" ስላሉ ባለቤቴ "ውሻውን ለሰጠን ሰው መልሰነዋል" ብላ ዋሽታቸዋለች። እኔ የልጄን ውሻ፣ ኩኪን፣ መኪና ውስጥ ከትቼ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዙን ተሻግሬ ማዶ ያለችው ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። እዚያ የጥንት ባለርስት መኖሪያ የነበረ ሰፊ ግቢ አለ። ቤቱ ውስጥ ውሻ አይገባም፤ አትክልት ቦታው ውስጥ ግን በገመድ ከታሰረ ይፈቀድለታል። ከሁሉም በላይ ሐበሻ አይደርስበትም ብዬ ነው።

አበባውን ማን አየው! ባለቤቴ በየአሥር ደቂቃው ኮል ታደርገኛለች። "ሶፋው ላይ ፀጉሩን አገኘሁ!" ትላለች። ደግሞ "እንዳትመጣ፣ ገና ጸሎት ላይ ናቸው!" ኩኪ ጽጌረዳው ሥር ካልቆፈርኩ ብሎ ይጎትተኛል፤ የእኔ ዓይን በሩ ላይ ነው።

ድንገት ከቁጥቋጦው ጀርባ "ነይ እንጂ አንቺ!" የሚል አማርኛ ሰማሁ። ዞር ስል የእትዬ የሺ ባል፣ ጋሽ ደምሴ! ኩኪን ከኋላዬ ልደብቅ ስል ጮኸብኝ። ከጋሽ ደምሴ እግር ሥር ሌላ ውሻ መለሰችለት፤ ሹራብ የለበሰች፣ ድመት የምታክል።



"የማን ናት፣ ጋሼ?" አልኳቸው እንደ ምንም።

ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የየሺ ናት። አሁን ራሱ እናንተ ቤት ባኞ ቤት ገብታ ደውላ፣ 'ሹራቧን አልብሰሃታል ወይ?' አለችኝ።"