ለአንዲት ቡሎን የተነገረ ግዝት

መንግሥት የዳባቱን ግራዝማች መሬት፣ ጎተራና መኪና ሲወርስ እኔም ከመኪናዋ ጋር ተወረስኩ። ሾፌራቸው ነበርኩ። መኪናዋ በጣሊያን ጊዜ ከአስመራ የመጣች፣ ጥቁር፣ ጠባብ፣ ዳገት ባየች ቁጥር የምታስል አሮጊት ነበረች። ሊረከባት ከደባርቅ የመጣው ካድሬ ጭቃው አዲስ ጫማውን እንዳይነካበት እየዘለለ ግቢ ገባ። ግራዝማች አልተከራከሩትም። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጥተው "ለቁም ነገር ያድርጋት" ብለው መረቁት። እኔ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኚህ ሰው ለአንድ ክንድ ድንበር ጎንደር ድረስ እየተመላለሱ ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ናቸው።

መኪናዋ አልነሳ አለች። በጭነት መኪና ተጎትታ ደባርቅ ገባች። ካርቡራቶሩን ፈትቼ ሳየው ቤንዚኑን የምትመጥነው፣ መሃሏ በመርፌ ጫፍ የተበሳች የምትመስል ትንሽ የነሐስ ቡሎን የለችም። እሷ ከሌለች የቀረው ብረት ሁሉ ዋጋ የለውም። ይህን ለካድሬው ባስረዳው ጊዜ ጥፍሩን እየሞረደ ሰማኝ።

"ለአብዮት በዓል ከጎንደር ትልቅ እንግዳ ይመጣል" አለኝ። "በዚህች መኪና ሄጄ ነው የምቀበለው። ካልተነሳች አሻጥር ነው። አሻጥረኛው ደግሞ አንተ ነህ።"

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። ሚስቴ በማግሥቱ ወፍራሙን ጋቢዬን አጥባ አሰጣችው።

ቡሎን ፍለጋ ወጣሁ። ጎንደር ያገኘሁት መካኒክ ከሌላ መኪና የወለቀች አንዲት ቡሎን "ልኳ ናት" ብሎ ምሎ ሰጠኝ። ቀዳዳዋ ሰፊ ስለነበር ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ዝም አለ። ተመልሼ ብነግረው "ጥፋቱ የመኪናዋ ነው" አለኝ። አምባ ጊዮርጊስ አንድ የእህል ነጋዴ ጓሮ የጣሊያን ካሚዮን ወድቋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ፤ ነሐስ የሚባል ነገር ሁሉ ቀልጦ የሴት አምባር ከሆነ ቆይቷል። ነጋዴው ግን ይህን የነገረኝ ብረቱን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ከዋልኩ በኋላ ነው። የሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂዎች ደግሞ "የተበላሸ መኪና አለን" ብለው በበቅሎ ገደል ለገደል ወስደው ያሳዩኝ ሞተር የሌለው፣ ዶሮ የሚያድርበት ቆርቆሮ ነበር። ሰው ሁሉ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ሲያስኬደኝ ያ ክረምት ሊያልቅ ተቃረበ።

በመጨረሻ ዳባት ወርጄ ግራዝማች ቤት ገባሁ።

"ግራዝማች፣ እባክዎን" አልኳቸው። "ቡሎኗ ካለችዎት ይስጡኝ። ሊያስሩኝ ነው።"

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ" አሉ ረጋ ብለው። "የመኪና ነገር አንተ ነህ የምታውቀው። ይልቅ ጠላ ይቅዱልህ።"

ዓይኔን እያዩ ዋሹኝ። ጠላቸው ጥሩ ነበር፤ በየጉንጩ እየረገምኳቸው ጠጣሁት። ያም ሆኖ ጥርጣሬዬን ለካድሬው አልተነፈስኩም። ለዚያ ሰው ስም አቀብዬ ከምድን ታስሬ ብሰነብት ይሻለኝ ነበር፤ ይህን ያህል ነበር የምንቀው።

ካድሬው የገጠር ቄስ ልጅ ነው። ይህን ግን እንዲነሳበት አይፈልግም። በየስብሰባው ሃይማኖት ሕዝቡን እንዳደነዘዘው እያወራ አረፋ ይደፍቃል። በዓሉ ሲቃረብ ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሕዝቡ ገና አልነቃም" አለኝ። "በሚገባው መንገድ መሄድ አለብን። የዳባቱን ቄስ ግዝት ያስነግር በልልኝ።"

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን የምሩን ነው። ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ "ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ዘበኛ አይደለችም" ብለው ተቆጡ። ካድሬው ለሚያፈሰው የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ቆርቆሮ እንደሚሰጥ ስነግራቸው ዘበኛ የመሆኑን ነገር ተዉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ተናገሩ። ካርቡራቶር የሚባለውን ነገር እሳቸውም አያውቁት፣ ሕዝቡም አያውቀው፤ ስለዚህ በጅምላ አወጁት። "የመኪና ዕቃ የወሰድህ፣ ያነሳህ፣ የደበቅህ፣ እስከ መጪው ሰንበት ካልመለስህ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘትህ ሁን። ስትሞትም ፍትሐት አይድረስህ። የመለሰ ግን ይፈታ።"

ሳምንቱ ሲደርስ ደጀ ሰላሙ ሥር የተከመረውን ባየሁ ጊዜ ማመን አቃተኝ። ከየመንገዱ፣ ከየገደሉ ሥር የተለቀመ ብረት ሁሉ መጥቷል። ካንዴላ፣ የበር እጀታ፣ የተሰበረ መስታወት፣ መቼ እንደተጋጨ የማይታወቅ የአውቶቡስ መብራት። አንዲት ሴት ውኃ የምትቀዳበትን የዘይት ጀሪካን አስቀመጠች። ገበሬዎች ከአሮጌ ጎማ የተሠራ በረባሷቸውን እያወለቁ ክምሩ ላይ ጥለው በባዶ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ቆሙ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ጫማህን መልሰህ አድርግ የሚላቸው አንድ ሰው አልነበረም። ቄሱም ካድሬውም ቆመው ያያሉ።

ግራዝማች መጨረሻ ላይ መጡ። ቆራቢ ናቸው፤ በዚያ ጠዋት ቅዳሴ ግን ሳይቆርቡ እንደቀሩ ሕዝቡ ሁሉ አይቷል። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ከማተባቸው ላይ አንድ ነገር ፈቱና ክምሩ ላይ ሳይሆን እጄ ላይ አኖሩት። ቡሎኗ ናት። ከገላቸው ሙቀት ገና አልቀዘቀዘችም።

"ላንተ ብዬ አይምሰልህ" አሉኝ። "ያለ ፍትሐት መቀበር ስላልሆነልኝ ነው።"

በጣም ከፋኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያገለገልኳቸው ሰው ለእኔ መታሰር ያልፈቱትን ክር ለመቃብራቸው ፈቱት።

ካድሬው ከኋላ ብቅ ብሎ "ያዙት" አለ።

ግራዝማች ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባ፣ የመለሰ ይፈታ አላሉም?"

ቄሱ ቀና ብለው የሚያፈሰውን ጣራ ያዩ ጀመር።

ደባርቅ ሄጄ ቡሎኗን መልሼ ገጠምኩ። መኪናዋ አንዴ አስላ ተነሳች፤ ይዣት ዳባት ተመለስኩ። ካድሬው ሕዝብ እያየው መሄድ ስለፈለገ እስረኛውን በመኪናዋ እንድንወስድ አዘዘ። ግራዝማችን ከኋላ አስቀመጧቸው፤ እሱ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ከዳባት ወጥተን ዳገቱን ስንይዝ በንዴት ነዳጅ መስጫው ላይ ቆሜ ስለነበር ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ።

ከኋላ ግራዝማች "አታስጨንቃት። ማርሽ ቀይር" አሉ።

"እዚህ የማዘው እኔ ነኝ" አለ ካድሬው። "እንዳትቀይር።"

ስለ ማርሽ የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። መኪናዋ ልትጠፋ ስትል በመስታወቱ አሻግሬ ግራዝማችን አየኋቸው። አሁንም ልቤ ይቅር አላላቸውም።

"እሺ፣ ጌታዬ" አልኳቸውና ቀየርኩ።

ጌታዬ ማለት ያኔ የአድኃሪ ቃል ነበር። ደባርቅ ስንደርስ ከሳቸው ጋር እኔንም አስወረዱኝና አንድ ክፍል ውስጥ ቆለፉብን። በዓሉ እስኪደርስ እዚያው ቆየን። የበዓሉ ዕለት ጠዋት መፈክርና ከበሮ ተሰማ፤ እንግዳው ደረሰ ሲባልም ሰማን። ሁለታችንም ጆሯችንን ግድግዳው ላይ አድርገን የሞተር ድምፅ እንጠብቅ ነበር። ከቢሮው በር ላይ መኪናዋን ሊያስነሱ ሲሞክሩ ተሰማ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ከዚያ ቀረ። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅባት ሰው በደባርቅ አልነበረም።

ግራዝማች ጆሯቸውን ከግድግዳው አነሱ።

"በእግሩ ሄደ ማለት ነው" አሉ።