የሐዋ ፍየልና የአክስቴ ማሽላ

ልጅ ሳለሁ፣ በሙቀቱ ወራት ጅቡቲ ካርቲየ 5 ሰፈር መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የጠፋው ሐሙስ ማታ ከሆነ አክስቴ ወርቅነሽ ተረት ታወራልናለች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር አንድ ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እየሠራች እዚያው ስለምታድር፣ ለዓርብ እረፍቷ ሐሙስ ወደ እኛ ትመጣለች። ያኔ ግቢው ላይ ሰሌን አንጥፈን፣ ሻይ የፈላበት ከሰል አመድ እየለበሰ፣ አክስቴ በፋኖሱ ብርሃን እጆቿን እያወናጨፈች ስታወራ ወበቁም አይታወቀንም ነበር።

አብልጬ የምወደው የእህልን አጀማመር ነበር። ድሮ፣ ሰው ማረስ ሳያውቅ፣ ማሽላ የዱር ሣር ነበር አሉ። ፍሬው እንደበሰለ ይረግፋል፤ ወፍ ከበላው የተረፈውን ሰው ከአፈር ላይ ይለቅማል። አንዲት ሴት ግን ነፋስ እየመታው ፍሬውን ያልጣለ አንድ ዘለላ አገኘች። ልጇ በረሃብ ሲያለቅስ ገሚሱን አበላችውና ገሚሱን ቀበረችው። «አበደች አሏት» ትለን ነበር አክስቴ፤ «ምግብ ሬሳ ነው ወይ የሚቀበረው?» ዝናብ ሲጥል ግን የተቀበረው በቀለ።

አንድ ዓመት ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ ጥቂት የማሽላ ዘር አመጣላትና ግድግዳችን ሥር ዘራችው። እኛ ልጆች ልብስ የታጠበበትን ውሃ እናጠጣዋለን። ውሃውን የምንቀዳው ከጎረቤታችን ከሐዋ ቧንቧ ነበር፤ የእኛ ግቢ ቧንቧ አልነበረውም፤ ሐዋም አንድም ቀን ከልክላን አታውቅም። ማሽላው ጉልበቴ ደርሶ ሳለ ታዲያ የሐዋ ፍየል ገብታ ከሥሩ ጋጠችው።

እናቴ ጮኸች። ሐዋም አልተኛችላትም፤ «ከተማ ውስጥ እርሻ ማን አየ?» ብላ በሯን ዘጋች። ባልዲያችን ባዶውን አደረ። እኔ የማሽላውን ነገር ረስቼ የውሃውን ማሰብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ሐሙስ አክስቴ መጣች። ሁሉን ሰማችና ፋኖሱን አንስታ የሐዋን በር አንኳኳች።

«ሐዋ፣ ለጠብ አልመጣሁም። ያልጨረስኩት ተረት አለኝ፤ ነይ ስሚኝ።»

ሐዋ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ እንደ እኛው ነው። ፊቷን እንዳጠቆረች መጥታ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አክስቴም ከዚያ በፊት ሰምተነው የማናውቀውን ቀጠለች። የዚያች ሴት ቡቃያ የጎረቤቷ ፍየሎች በሉት፤ ተኳረፉ። ዘሪዋ ከቀራት ዘር ደግማ ዘርታ ጥቂት አገኘች። በኋላ ክረምቱ ከዳ። አንዷ ቤት ወተት አለ፣ እህል የለም፤ የሌላዋ ቤት እህል አለ፣ ወተት የለም። የሁለቱም ልጆች የጎረቤት በር በር ያያሉ።

«ማናቸው ቀድማ ሄደች?» አለች ሐዋ ሳታስበው።

«እሱን እንኳ አልነገሩኝም። አጥሩን ግን አብረው ነው የሠሩት።»

ሐዋ ሳቀች። «ወላሂ፣ ይሄን አሁን ነው የፈጠርሽው!»

«ብፈጥረውስ፣ ውሸት ነው?»

እናቴ ተነሳችና ለሐዋ ሻይ ቀዳችላት። ሐዋም ጠጥታ ስትነሳ፣ «ባልዲውን ላኪው እንጂ» አለቻት።

ወደብ የሚሠራው የሐዋ ባል ስብርባሪ ጣውላ አመጣ፤ አጥር ሠርተን የተረፈውን ዘር በውስጡ ዘራን። ሲደርስ አክስቴ ያማረውን ዘለላ ለዘር ሰቀለችው፤ የቀረው ተቆልቶ አንድ ሳህን እንኳ በቅጡ አልሞላም። ጣፋጭ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ የጅቡቲ አፈር ጨው ጨው ያሰኘዋል። የሁለቱ ቤት ልጆች ግን ተሻምተን ጨረስነው።

አክስቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ዳቦ በቆረስኩ ቁጥር እሷንም፣ ስማቸውን ማንም ያልያዘላቸውን የጥንት ዘሪዎችንም በልቤ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዋ ዘሪ ማን እንደነበረች አላውቅም። ብቻዋን እንዳልነበረች ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ ተጠራጥሬ አላውቅም።