አበልጄና የጉድጓዱ ተረት

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት አቧራ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ በገባ ብርሃን ውስጥ እንደ ጭስ ቆሟል። ከኋላው ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። ክፍሉ የአንድ ነጋዴ የቦሎቄ መጋዘን ነበር፤ ግቢው ሲወረስ ቤቱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ መጋዘኑ እስር ቤት ሆነ። የናዝሬት ፀሐይ በቆርቆሮ ስር ሌላ ነው። ቀን ቀን የምናወራው ትንሽ ነበር፤ አፍ ይደርቃል።

የታሰርኩት በወንድሜ ምክንያት ነው። የሚፈለገው እሱ ነበር፤ የእናቴ ጓዳ ውስጥ ደብቀነው ነበር። አገኙት። እሱን በአንድ መኪና፣ እኔን በሌላ መኪና ወሰዱን። እዚያ መኖሩን ከቤተሰቡ ውጭ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አበልጄ። ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት ጎረቤቴ ናት፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ። መኪናው ሲነሳ በራቸው ላይ ቆማ አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

ወራት አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና እሷን አስገቧት። በምን እንደ ተያዘች የነገረን የለም። ያን ጊዜ ያሳሰረም ይታሰር ነበር።

የክፍላችንን ሥርዓት የምታስከብረው እስረኛ ከወንጂ ሸንኮራ እርሻ የመጣች ሴት ነበረች፤ ካቦ እንላታለን። ታሪኬን ነግሬያት ስለነበር ፊቴን አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺ ናት ያስበላቻችሁ?»

«እሷ ናት።»

«እንግዲህ የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ከማዕድ ትቅረብ ካልሽ ትቀርባለች። አይሆንም ካልሽ እዚያው ባልዲው ጥግ ትድረቅ። ስንቅ የሚያመጣላትም የለ።»

ባልዲው መጸዳጃችን ነው። አበልጄ አጠገቡ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። እኔ «ለምሳ እነግርሻለሁ» አልኩ። እጄ ላይ ጣልልኝ እያልኩ የጸለይኩት የተሰማልኝ መስሎኝ ነበር።

ስንቅ እስኪገባ ሰዓቱ አይገፋም። ያንን የሚያስረሱን አንዲት የሁሩታ አሮጊት ነበሩ፤ በሸሸ ልጃቸው ፈንታ የተያዙ። በየቀኑ ከምሳ በፊት ተረት ይነግሩናል። ያን ቀንም ግድግዳውን ተደግፈው፣

«ተረት ተረት» አሉ።

ማንም አልመለሰም። እሷ ባለችበት ለመሳቅ የፈለገ አልነበረም። ከባልዲው ጥግ ግን በቀጭኑ፣ «የላም በረት» የሚል ድምፅ መጣ። በልማድ ነው ያመለጣት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች ካቦዋ።

«ተዪያት፣ ኢንተላ ኮ» አሉ አሮጊቷ፤ «ልጄ» ሲሉ በኦሮምኛ ነው። «ተቀባይ ያገኘ ተረት አይመለስም።»

የነገሩን ሁላችንም የምናውቀውን ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ቆላ ላይ አንድ ጉድጓድ አብረው ቆፈሩ። ውሃው ሲወጣ አንደኛው ጓደኛውን ለባላባቱ በሐሰት ከሰሰው፤ አስባረረው፤ ጉድጓዱን ብቻውን ያዘው። የተባረረው ቂሙን ይዞ ኖረ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ተደብቆ መጣና ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈነው። የከሃዲው ከብቶች አለቁ፤ እሱም በውሃ ጥም ሞተ።

«እሰይ» አለች ካቦዋ፣ እኔን እያየች። በልጅነታችንም ተረቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

አሮጊቷ ግን አፋቸውን በነጠላ ጠረጉና «የደፈነውስ ሰውዬ ምን ጠጣ?» አሉ።

«እማማ፣ ምክር መሆኑ ነው?» አለቻቸው ካቦዋ።

«ምክር ከየት አባቴ አመጣለሁ? ጉድጓዱ የሁለታቸው ነበር አልኩ እንጂ።»

ስንቅ ገባ። ጥበቃዎቹ የተደበቀ ወረቀት ሲፈልጉ ወጡን በእንጨት አማስለው፣ እንጀራውን በጣጥሰው ነበር። የሁላችንም አንድ ትሪ ላይ ተገለበጠ። ካቦዋ እጇን ሳትሰድ ጠበቀችኝ፤ ሁሉም ጠበቁኝ።

ያሰብኩት «እዚያው ሁኚ» ልላት ነበር። ይህንንም ለማለት መጥራት ነበረብኝ፤ ስሟ ግን ጠፋብኝ። ከክርስትናው ቀን ጀምሮ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አፌ ላይ የነበረው ያው የለመድኩት ነው።

«አበልጄ» አልኩ።

ቀና አለች። ከዚያ ቃል በኋላ «እዚያው ሁኚ» የሚለው አልወጣ አለኝ። ሴት ልጇን ከመጠመቂያው በእነዚህ እጆች ተቀብያታለሁ።

«አበልጄ፣ እጅሽን ታጠቢ።»

«ጠጋ በሉላት» አለች ካቦዋ፤ «ጸሐፊ ናት፣ ተንፈላስሳ ነው የለመደችው።» ነገር ግን ውሃውን ራሷ አፈሰሰችላት።

አበልጄ አንድ ቁራሽ ቆረሰችና ሳትጎርስ ያዘችው።

«ልጄን እናትሽ ወስደዋታል» አለችኝ በዝግታ። «እኔን ሲይዙኝ ከቤት ወጡና እጇን ይዘው ገቡ። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም።»

እናቴ። የገዛ ልጇን ላስወሰደችባት ለዚህችው፣ ልጇን አስጠጋችላት።

«ወንድሜን ወዴት ወሰዱት?»

«አላውቅም። ባሌን ይዘውብኝ ነው የተናገርኩት፤ ከዚያ ወዲያ ምኑንም አልነገሩኝም።»

አመንኳት። ማመኔ ግን ምንም አላቀለለልኝም። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት። በዚያ ሙቀት የሚቀዘቅዝ ነገር አልነበረም። በላች።

ከእስር ወጥታ ብዙ አልኖረችም። ልጇን እናቴ አሳድጋ ዳረቻት። ይቅር ብለሻት ነበር ወይ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይቅርታ የልብ ከሆነ፣ ልቤ ስንት ጊዜ ሰጥቶ መልሶ ወስዷል። እጇና እጄ አንድ ትሪ ላይ እንደነበሩ ግን አውቃለሁ፤ ያንን ማንም አይወስድብኝም።

አሁን የምኖረው ኖርዌይ ነው። ቅዳሴ የምናስቀድሰው በተከራየነው አዳራሽ ነው። ለጸሎት ስም ስንሰጥ የእናቴንና የአበልጄን የክርስትና ስም ከሙታን ጋር እሰጣለሁ፤ የአበልጄን አንዳንድ እሑድ ዘልዬው፣ ከበር ተመልሼ የማስጨምርበት ጊዜ አለ። ባለፈው አዲስ የመጡት ካህን እስከ ዛሬ ወሬው ያልተገኘውን የወንድሜን ስም ሲሰሙ አቆሙኝ።

«እኅቴ፣ እሱን ከሕያዋን ነው ከሙታን የምጠራው?»

«ከሁለቱም ይጥሩት፣ አባ» አልኳቸው።

ጠሩት።