ለጸሎት ያልወጣንበት ኮረብታ

የሀምበሪቾን ተራራ ሁሉም ያውቀዋል፤ ደረጃ ተሠርቶለታል፣ ፎቶውም በየስልኩ አለ። እኔ ለክፍል ጓደኞቼ ያወራሁላቸው ግን ከዳምቦያ ከተማ ወጣ ብሎ ስላለው፣ እንግዳ ስለማያውቀው ድንጋያማ ኮረብታ ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር እንዳለቀ ሦስቱን ይዤ ከሆሳዕና ተነሣሁ። ቀኑ እንዲያምርላቸው በጣም ስለፈለግኩ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልኩም፤ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ ፊታቸውን አያለሁ።

ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ በአንድ የእንሰት ጓሮ በኩል ያልፋል። የጓሮውን ባለቤት፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት፣ በራቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። በከምባትኛ ጀመሩ፤ እኔ ሀዲያ መሆኔን ሲያውቁ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ለጸሎት ነው ልጆቼ?»

በእኛ አካባቢ ተሰብስቦ ኮረብታ የሚወጣ ሰው ለጸሎት ነው የሚወጣው። ለእግር ጉዞ ነው ብላቸው እንዳይከለክሉን ፈራሁ።

«አዎ፣ እናቴ» አልኩ።

ወዲያው እጄን ያዙኝ። ወደ ደቡብ አፍሪካ በየብስ የሄደው ልጃቸው ድምፁ ከጠፋ ሳምንታት አልፈዋል። ስሙን ነገሩኝ። «እላይ ስትደርሱ ስሙን ጥሩልኝ። ጌታ ያላችሁንም ስትመለሱ ትነግሩኛላችሁ» ብለው በሩን ከፈቱልን።

ድንጋዩን በእጃችን ጭምር እየቧጠጥን ወጣን። «ፓስተር፣ ስብከቱ መቼ ነው?» ይለኛል አንዱ ጓደኛዬ፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ጫፉ ላይ ነፋሱ ያንገዳግዳል፤ በዱራሜ አቅጣጫ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ያብለጨልጫሉ። እነሱ ፎቶ ይነሣሉ፤ እኔ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ።

«እንጸልይ እንዴ?» አልኩ በመጨረሻ።

«አንተ ዋሽተህ እኛን ታስጸልያለህ?» አለ ያው ልጅ። ሌላው ደግሞ፣ «በወዲያ በኩል እንውረድ፤ አያዩንም» አለ።

እውነት ለመናገር፣ ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሴትዮዋ እስኪመሽ በሩ ላይ እንደሚቆሙ ታወቀኝ። በመጣንበት መንገድ መለስኳቸው።

«ምን አላችሁ?» አሉ ገና ከሩቅ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልጸለይንም። ኮረብታውን ልናይ ብቻ ነው የወጣነው።»

«ድንጋይ ልታዩ? ከሆሳዕና ድረስ?» አራታችንንም ተራ በተራ አዩን። ማንም አልሳቀም። «የልጄን ስምስ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።»

«እንግዲያው እዚሁ ጸልይ።»

ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፉ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሙን ጠራሁ፣ መንገዱን ጠራሁ፣ ድምፁን እንዲያሰማ ለመንኩ፤ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ሴትዮዋ አሜን እስኪሉ ጠበቅኩ። ዓይኔን ስገልጥ የእሳቸው እንደተጨፈነ ነው።

«ቸኮልክ» አሉኝ። «እንደገና ጀምር።»