ስልሳ ታሪክ ያነበበው ወንድማችን

እህቴ እልኸኛ ናት። ጃፓንኛን በንባብ የሚያስተምር የስልክ መተግበሪያ እሠራለሁ ብላ ከተነሳች ዓመት ሞላት፤ ገጾቹን ስትስል፣ ስትሰርዝ፣ እንደገና ስትስል የምግብ ጠረጴዛችንን ወርሳብን ከረመች። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አጭር ታሪክ ይመጣል፤ ያልገባህን ቃል በጣትህ ስትነካው ትርጉሙ ብቅ ይላል።

የመጀመሪያው አንባቢዋ ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድማችን ነበር። መካኒክ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «መፍቻ» ይሉታል። ጃፓን ሄዶ ለመሥራት በፈታኞች ፊት አንድ ገጽ አንብቦ ማስረዳት ነበረበት፤ ፈተናው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስልሳ ታሪክ ጨርሷል። ሚስቱማ ሻንጣ መግዛቷን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች።

ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ፣ ድፍረት እንዲያገኝ ብላ፣ ከጨረሳቸው ታሪኮች አንዱን በወረቀት አትማ ሰጠችው። የመጀመሪያውን ቃል አነበበ። ሁለተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

እኔ ሳቄ መጣ። እህቴ ግን ክው አለች። ኮምፒውተሯን ከፍታ የንባቡን መዝገብ አየች፤ «ውሃ» የሚለውን ቃል ብቻ መቶ አርባ ጊዜ ነክቶታል። ቁጥሩን ከዚህ በፊትም አይታው ነበር፤ ያኔ «እንዴት እንደሚጠቀምበት እዩልኝ» ብላ ኮርታበታለች።

እዚያው ቁጭ ብላ ትርጉሙ የሚመጣው ገጹ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ብቻ እንዲሆን አደረገችው። ጋሼ አበደ።

«ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ታበላሺብኛለሽ?»

«ጋሼ፣ ሲያነብ የከረመው ስልኩ ነው እንጂ አንተ አይደለህም።»

ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ሆነ። ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ ወጣ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ አነሳው። እስከ ማክሰኞ ድረስ እያላበው የገፋው ሦስት ታሪክ ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ልል አሰብኩና ተውኩት፤ በቤቱ ተረት የሚሰማ ፊት አልነበረም።

ማክሰኞ ከፈተናው ሕንፃ ደረጃ ላይ ቆመን ጠበቅነው። እህቴ ጥፍሯን በልታ ጨርሳለች። ፈራሁላት።

«ወደቅኩ» አለ ሲወጣ። «ከገጹ ያወቅኩት አሥራ አንድ ቃል ነው።» ቀጥሎም፣ «አሥራ አንዱም ከቅዳሜ ወዲህ የያዝኳቸው ናቸው» አለ።

«በድዬሃለሁ፣ ጋሼ» አለችው፤ እንባዋ ቀደማት።

አልበደልሽኝም አላላትም። ስልኩን አውጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ።