ከፍሩትቬል ፓርኪንግ የቀረበ አቤቱታ

ከሥራዬ ሌይኦፍ ከተደረግኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ለባለቤቴ ለሄለን ግን አልነገርኳትም። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፕ ቦርሳዬን አንግቼ እወጣና ፍሩትቬል፣ ባቡር ጣቢያው ባለ ብዙ ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እውላለሁ።

አንድ ቀን እዚያው ሆኜ የቤተ ክርስቲያናችን የማለዳ ጸሎት ላይ በስልክ ገባሁ። ስልሳ ሰባ ሰው አይጠፋም። መሪው ብቻ ይናገራሉ፤ ሌሎቻችን ድምፃችን እንዳይሰማ ስልካችንን ሚዩት አድርገን በየቤታችን፣ በየመኪናችን እንጸልያለን።

"አሁን ሁላችሁም ልባችሁን አፍስሱ" አሉ።

ሚዩቱን ተጭኜ አፈሰስኩት።

"ጌታ ሆይ፣ ለመሆኑ ትሰማኛለህ? አራት ወር ሙሉ ሥራ የለኝም! ለሄለን እየዋሸሁ ፍሩትቬል ፓርኪንግ ተቀምጬ እውላለሁ! ደከመኝ! ካለህ አንድ ቃል ተናገረኝ!"

ስጨርስ ስልኬን አየሁት። ማይኩ ክፍት ነው። መጀመሪያውኑ ሚዩት ነበር ለካ፤ ስጫነው ከፈትኩት። ላብ አጠመቀኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ልዝጋው እያልኩ ሳመነታ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ።

ሄለን እንቅልፍ ትወዳለች። እዚህ ጸሎት ላይ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

"ሰምቼሃለሁ" አለች ከዚያው የጸሎት መስመር ላይ። "ስንተኛው ፎቅ ላይ ነህ? ቁርስ ይዤልህ እየመጣሁ ነው።"